ሞተሩ ይጮኻል፣ ኤሊዋ ግን አትራመድም፦ በሞተር የሚራመዱ የእንስሳ ኪቶች አገጣጠምና አነዳድ

ኪቱ (ክፍሎቹ ተለያይተው የሚመጡት፣ ቤት ውስጥ የሚገጠመው መጫወቻ) ተገጥሞ አልቋል። ባትሪ ድንጋዩ ገብቷል፤ ማብሪያው ሲነካ ሞተሩ ይጮኻል። ኤሊዋ ግን ወይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ወይ ባለችበት ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ወይ ሁለት እርምጃ ሄዳ በጎኗ ትወድቃለች። እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ድንጋዩ ደክሟል፣ ሁለት ይደረግላት» ወይም «ዲናሞው የማይረባ ነው»። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ንጹሐን ናቸው። ጉልበቱ ከሞተሩ ይወጣል፣ እግሩ ጋ ሳይደርስ ግን መንገድ ላይ ያልቃል። አንድ ቦታ ብሎን ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይም ማርሽ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ ቀርቷል፣ ወይም ዘንግ ላይ ፀጉር ተጠምጥሟል።

ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ምክር በየደረጃው ይደጋገማል፦ ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚዞረውን ሁሉ በጣት አዙሩት። በጣት ለስልሶ ያልዞረ ነገር በሞተር አይዞርም፤ ቢዞርም ድንጋይ ይበላል።

ቱሉ ዲምቱ፣ አያት፣ ለቡ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው ይህ ከጊዜም ከትራንስፖርትም አንጻር ዋጋ አለው። አንድ የተሰነጠቀ ትንሽ ማርሽ ለመለወጥ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ደግነቱ አብዛኛው ችግር ሰፈር ውስጥ ባለ ነገር ይፈታል። ጎሚስታ ቤት ያለ የከመነዳሪ ቁራጭ፣ የሞባይል ጠጋኙ ካውያና ቴስተር፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ ባለ ሁለት ጎን ፕላስተር ብዙ ርቀት ያስኬዳሉ።

ከ9,100 ዙር ወደ አንድ እርምጃ

በእነዚህ ኪቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሞተር «130» የሚባለው መጠን ነው። ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የዘንጉ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር። በልጆች መኪና ውስጥ ያለውና «ዲናሞ» የምንለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለ1.5 ቮልት የተሠራው ማቡቺ ኤፍኤ-130 ያለ ጭነት በደቂቃ 9,100 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ በሚስማማው ጭነት ደግሞ ወደ 7,000 ይወርድና 0.66 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚዞረውን ዘንግ ግን በሁለት ጣት ብትቆነጥጡት ወዲያው ይቆማል። ፍጥነት ተርፎታል፣ ጉልበት የለውም።

ካምቢዮው፣ ማለትም በሞተሩና በእግሮቹ መሐል ያሉት ማርሾች፣ ፍጥነቱን ተቀብሎ ጉልበት ይመልሳል። ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሽ ማርሽ (ፒኞን) 8 ጥርስ፣ የሚያዞረው ማርሽ 40 ጥርስ ቢኖረው ፍጥነቱ 5 ጊዜ ይቀንሳል። በዚያ ማርሽ ጀርባ ያለው ባለ 10 ጥርስ ሌላ ባለ 40 ያዞራል፤ 4 ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው። ከዚያም እንደገና 10 ለ40፣ ሌላ 4 ጊዜ። 5 × 4 × 4 = 80። የሞተሩ 7,000 ዙር ለ80 ሲካፈል በደቂቃ 87 ገደማ ይሆናል፤ ለትንሽ እንስሳ የሚመጥን የእግር ፍጥነት ነው። በስሌት የመጠምዘዝ ጉልበቱም 80 ጊዜ ማደግ ነበረበት። በተግባር አያድግም፤ ጥርስ ከጥርስ፣ ዘንግ ከቀዳዳው ጋር በተፋተገ ቁጥር የተወሰነው ይባክናል። የገጣሚው ሥራ ይህን ብክነት ማሳነስ ነው።

የእናንተ ኪት የጥርስ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል። ቆጥራችሁ ስሌቱን ራሳችሁ አውጡ። በምሳሌያችን የመጨረሻው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሁለተኛው ማርሽ 4 ጊዜ፣ የመጀመሪያው 16 ጊዜ፣ ሞተሩ 80 ጊዜ ይዞራል። 1፣ 4፣ 16፣ 80። ቁጥሮቹን ያዟቸው፣ ብልሽት ስንፈልግ ያስፈልጉናል።

ክቡ እንዴት እርምጃ ይሆናል?

ይህን ለመረዳት እርሳስ ይበቃል። እርሳሱን አቁማችሁ መካከሉን በግራ እጃችሁ ሁለት ጣቶች ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት። በቀኝ እጃችሁ ላይኛውን ጫፍ ክብ አዙሩት። የታችኛውም ጫፍ ክብ ይሠራል፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ። ላይኛው ወደ ፊት ሲሄድ ታችኛው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፍና ዝቅ የሚሉት ግን አብረው ነው።

የኪቱ እግር እርሳሱ ነው። ላይኛው ቀዳዳ ክራንኩ (ከመጨረሻው ዘንግ ጋር የሚዞረው አጭር ክንድ) ላይ ይገባል፣ መካከሉ ላይ ያለው ረዘም ያለ ክፍተት አካሉ ላይ በተተከለ ፒን ላይ ይንሸራተታል፣ ታችኛው ጫፍ መሬት ይረግጣል። ክራንኩ በታችኛው ግማሽ ዙር ላይ ሲሆን እግሩ መሬት ነክቶ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ተገፍቶ ወደ ፊት የሚሄደው አካሉ ነው። በላይኛው ግማሽ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ለሚቀጥለው እርምጃ ወደ ፊት ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሌላው እግር መሬት ላይ ነው።

የክራንኩ ፒን ከዘንጉ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ቢርቅና የእግሩ ክፍተት በትክክል መካከል ላይ ቢሆን፣ አንድ እርምጃ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ ሲፈራረቁ በአንድ የክራንክ ዙር 32 ሚሊ ሜትር። በደቂቃ 87 ዙር ማለት ወደ 2.8 ሜትር ነው። 4 ሜትር ሳሎን ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ እግሩ ሲንሸራተት ከዚያም በላይ። ስለዚህ የሸክላ ወለል ላይ እንደ መኪና ይበራል ብሎ የጠበቀ ልጅ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ከእግሩ ክፍተት በታች ያለውን ክፍል ብታስረዝሙት እርምጃው ይረዝማል፣ የሚገፋበት ጉልበት ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። «ለምን ረጅም እግር አልተሠራለትም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኼ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እግሩ ክብ ስለሚሠራ አካሉ በየእርምጃው 8 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይነሣና ይወርዳል። ሞተሩ ክብደቱን በየጊዜው ይሸከማል ማለት ነው፤ ስለዚህ ድምፁ በአንድ ዙር ሁለቴ ይከብዳል፣ ሁለቴ ይቀላል። ይህ ጤነኛ ድምፅ ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ ይህን ከፍ ዝቅ ለማስቀረት እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ቀጥ ያለ መስመር የሚከተልበትን የዘንጎች አያያዝ ቀየሰ፤ የሚራመደው ማሽኑም በ1878 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ታይቷል። ርካሽ ኪቶች ያን ያህል አይጨነቁም። ዘንግ ባነሰ ቁጥር መፋተጊያውም ያንሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ክፍሎቹን መቁረጥ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ምላጭ፣ ቀጭን ሞረድ ወይም 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ትሪ ላይ የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካለ አጠገብ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀ 2 ሚሊ ሜትር ብሎን በዓይን አይገኝም።

መመሪያው በጃፓንኛ ወይም በቻይንኛ ቢሆን አትደንግጡ። ሥዕሉ ይበቃል። ብዙ መመሪያዎች ብሎኖቹንና ዘንጎቹን በትክክለኛ መጠናቸው ያትማሉ፤ ብሎኑን ሥዕሉ ላይ አስተኝታችሁ ርዝመቱን አመሳክሩ። 6 ሚሊ ሜትር የሚገባበት ቦታ 8 ቢገባ ጫፉ ወጥቶ ከውስጥ ማርሽ ይነካል፣ ወይም ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ክፍሎቹን ከፍሬማቸው እየገነጠሉ ማውጣት የብዙ ጣጣ መነሻ ነው። በሁለት ጊዜ ቁረጡ፦ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብላችሁ፣ ቀጥሎ የቀረችውን ጉቶ በምላጭ ወይም በጥፍር መቁረጫ አስጠግታችሁ። ከዚያ በሞረድ አስተካክሉ። ማርሾቹም በፍሬም የመጡ ከሆነ እያንዳንዱን ጥርስ ወደ ብርሃን ይዛችሁ ተመልከቱ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ጥርስ መሐል ብትቀር ማርሹ በዞረ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ይነክሳል።

የተጣመመ እግር ካጋጠማችሁ በፈላ ውኃ ማቃናት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ፕላስቲኩ ቶሎ እጅ አይሰጥም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆይታችሁ በማንኪያ አውጡና በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መሐል ተጭናችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ማርሽን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩ።

ካምቢዮው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ግማሹን ሽፋን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ ዘንጎቹን ትከሉ፣ ማርሾቹን በመመሪያው ቅደም ተከተል አስገቡ። በጣም የተለመደው ስሕተት ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ማርሾችን ማምታታት ነው። አንዱ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ዘንጉ ላይ በነፃ ይዞራል። ቀዳዳቸው በግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ይለያያል፣ ቀለማቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ወይ ካምቢዮው ይቆለፋል፣ ወይ ሞተሩ እየዞረ ዘንጉ ይቆማል።

ግራሶ፦ በጥርሶቹ ላይ የምስር ፍሬ በምታህል መጠን፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ። ለዘንጎቹ ጫፍ ከዚያም ያነሰ። ነጩ የሊቲየም ግራሶ ወይም የሲሊኮን ግራሶ ይሻላል፤ ከኪቱ ጋር የመጣም ካለ እሱ። ከጋራዥ የሚገኘው ወፍራም የመኪና ግራሶ ለዚህ ሞተር ይከብደዋል፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከእንጦጦ በታችና ሱሉልታ አካባቢ በሚኖረው ብርድ እንደ ሙጫ ይይዛል። የምግብ ዘይት ጥቂት ሳምንት ይሠራና አቧራ ጠጥቶ ይዝገለገላል። ቫዝሊን በቸገረ ጊዜ ለማርሾቹ ይሆናል፣ አካሉን ግን አትቀቡት፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ያሰነጥቃል። ቤንዚንና ናፍታ ደግሞ ጨርሶ አይጠጉት።

ሽፋኑን ከመግጠማችሁ በፊትም ከገጠማችሁ በኋላም የመጀመሪያውን ትልቅ ማርሽ በጣት ጫፍ ግፉት። ጣታችሁን ስታነሡ ትንሽ በራሱ ሊዞር ይገባዋል። ከሽፋኑ በፊት ዞሮ ከሽፋኑ በኋላ ከቆመ፣ ጥፋቱ የብሎን ማጥበቅ ነው። ሁሉንም ብሎን ግማሽ ዙር አላልታችሁ እንደገና ሞክሩ። ከዚያ አንድ በአንድ አጥብቁ፣ በየብሎኑ ማርሹን እየገፋችሁ። የትኛው ብሎን ላይ እንደቆመ በዚህ ይታወቃል።

ብሎኖቹ ፕላስቲኩ ውስጥ ራሳቸው ጥርስ እያወጡ የሚገቡ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስታስገቡ መጀመሪያ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ «ጠብ» ሲል የቀድሞ ጥርሱን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ። ይህን ያላደረገ ሰው ሦስት ጊዜ ሲፈታና ሲያጠብቅ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

በመጨረሻ ሞተሩ። ፒኞኑ ከማርሹ ጋር ከተጣበቀ ይጮኻል፣ ከራቀ ጥርስ ይዘላል። ኪቱ ሞተሩን ወዲያና ወዲህ ለማለት ቦታ ከተወለት፣ ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቅደዱና በሁለቱ ጥርሶች መሐል አስገቡ፣ ሞተሩን አስጠግታችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ማርሹን አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡት። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፤ የምትፈለገውም እሷው ናት።

ፒኞን ዘንጉ ላይ በመዶሻ አይመታም። የሞተሩ የኋላ ክዳን ፕላስቲክ ስለሆነ ምቱን እሱ ይቀበለዋል። ሞተሩን አቁማችሁ ፒኞኑን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ግፉት፤ የዘንጉ የኋላ ጫፍ ራሱ ጠንካራ ነገር ላይ ይረፍ።

እግሮቹ፦ ግማሽ ዙር ልዩነት

ግራና ቀኙ ክራንክ በትክክል ተቃራኒ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያመለክት ሌላው ወደ ታች። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከገቡ እንስሳው አይራመድም፤ ሁለት እግሩን አንድ ላይ አንሥቶ ያስቀምጣል፣ በሆዱ ይወርዳል፣ ይነሣል። «ሞተሩ እየዞረ ባለበት ይዘላል» የሚባለው ብልሽት ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ ይህ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም።

ዘንጉ ባለ ስድስት ጎን ከሆነ ክራንኩ በስድስት ቦታ ሊገባ ይችላል፣ በየ60 ዲግሪው። ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ጎን ከተሳሳታችሁ እንስሳው ይራመዳል፣ ግን ያነክሳል፤ ድምፁም «ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር» ይላል። ዘንጉን ከእንስሳው ፊት ለፊት ሳይሆን ከእንስሳው ጎን፣ በዘንጉ ጫፍ በኩል ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት። ሁለቱ ክራንኮች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ካልሠሩ አውጥታችሁ መልሱ።

የኋላ እግር ከፊት እግር ጋር በማገናኛ ዘንግ የሚያያዝ ከሆነ የግራውና የቀኙ ማገናኛ ርዝመት እኩል መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንድ ኪት ሁለት ዓይነት ይዞ ይመጣል፣ ልዩነቱም ለዓይን አይታይም። አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ቀዳዳ ከቀዳዳ ጋር አመሳክሩ።

አሁን ወደ ብሎኑ እንመለስ፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ እንስሳውን የሚያንቀው እዚህ ነውና። እግር የሚዞርበት ብሎን የሚጠብቅ ብሎን አይደለም። እስኪቆም አስገብታችሁ ሩብ ዙር መልሱት። ፈተናውም ቀላል ነው፦ እግሩን ከክራንኩ ነፃ አድርጋችሁ በጣት ከፍ አድርጉና ልቀቁት። በራሱ ክብደት ዝቅ ካለ ደህና ነው። እዚያው ከቀረ ሞተሩም በየዙሩ አራት ጊዜ ይህን ሲታገል ይውላል። ሮንዴላ ከተሰጣችሁ በእግሩና በአካሉ መሐል ይግባ። ላላ ያለው ብሎን በንዝረት እየወጣ ካስቸገረ፣ የብሎኑ ራስ ጠርዝ ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉ፤ ትንሽ ብቻ፣ ምክንያቱም የጥፍር ቀለም ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሱፐር ግሉ ግን በስንጥቁ ሰርጎ እግሩን ለዘላለም ያጣብቀዋል።

ድንጋዩ

መመሪያው አንድ ድንጋይ ካለ አንድ ነው። 1.5 ቮልት የሚጠይቅ ኪት ላይ ሁለት ሲደረደር ሞተሩ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ እግሮቹ መሬት ሳይዙ ይመታሉ፣ ፒኞኑም ይሰነጠቃል። ከሁሉም አደገኛው በመጠን ከተራው ትንሽ ድንጋይ ጋር አንድ የሆነው የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ነው። እሱ 3.7 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 4.2። ልክ ስለሚገባ ብቻ አይግባ። ከአሮጌ ፓወር ባንክ ወይም ስልክ የወጣ ባትሪም ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፤ ሽቦው ከተነካካ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ለሰዓትና ለሪሞት የተሠራ ነው። ሞተሩ 0.6 ወይም 0.7 አምፔር ሲጠይቀው ቮልቱ ይወድቃል። አልካላይን ይሻላል። የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ስለሚል ሰው ይንቀዋል፤ ጭነት ላይ ግን ቮልቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ሥራ ላይ ቮልቱ ዝቅ ከሚለው አልካላይን እምብዛም አያንስም። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ 0.6 አምፔር እየሳበ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው መብራት ባለበት ሰዓት ይሞላል።

የድንጋይን ጤንነት በቴስተር ስትለኩ ሞተሩ እየሠራ ይሁን። ከሥራ ውጪ 1.5 የሚያሳይ የደከመ ድንጋይ ብዙ ነው። እንስሳው እየተራመደ ስትለኩ ከ1.1 ቮልት በታች ካሳየ ለውጡት። አምፔር ለመለካት የቴስተሩን ቀይ ገመድ ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ላይ ማዛወር አትርሱ፣ አለበለዚያ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሞተሩ ብቻውን 0.2 ገደማ፣ እንስሳው ሲራመድ ከ0.5 እስከ 0.8 ይስባል። ከ1.2 ካለፈ አንድ ነገር ተይዟል። ጨርሶ ከታገደ ከ2 በላይ ይወጣል፤ ያኔ ወዲያው አጥፉት፣ ያ ሁሉ ኃይል ሽቦውን ወደ ማጋል ይሄዳልና።

አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ የድንጋይ ማስቀመጫ ኃይል አያስተላልፍም። ከአልካላይን የፈሰሰውን ጨርቅ ጫፍ ላይ ባደረጋችሁት አቼቶ ወይም ሎሚ ጥረጉ፣ በውኃ ባራሰ ጨርቅ ደግማችሁ፣ ከዚያ አድርቁ። እንስሳው ወደ ኋላ ከሄደ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው፤ ሌላ ምንም አልተበላሸም።

የሚሄድበት ወለል

የሲሚንቶ ሊሾ ከሁሉ ይመቻል። ሴራሚክ ላይ የፕላስቲክ እግር ይንሸራተታል፣ ስጋጃ ላይ ይጠመዳል። ኮብልስቶን ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል፣ ግን እግሩ ከመሬት የሚነሣው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ሁለት ድንጋይ መሐል ያለው ክፍተት ይውጠዋል።

ለሴራሚክ ወለል ጎሚስታ ቤት የተጣለ ከመነዳሪ ፈልጉና 10 በ6 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። በባለ ሁለት ጎን ፕላስተር ከእግሩ ሥር ለጥፉት። ማስቲሽም ይይዛል፣ ሆኖም ውስጡ ያለው ማቅለጫ አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ በቀጭኑ ቀብታችሁ ሲደርቅ ነው የምትጫኑት። መጀመሪያ የኋላ ሁለቱን እግሮች ብቻ አልብሱ። አራቱም በአንዴ ሲለብሱ ቀድሞ ያረፈው እግር መሬቱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን ያሰናክላል።

ክብደትም ይታይ። አንድ ትንሽ አልካላይን ድንጋይ 23 ግራም ገደማ ነው፤ ከኪቱ ከባዱ ነገር ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። እንስሳውን ሆዱ ሥር በተጋደመ እርሳስ ላይ አመጣጥኑት። የሚመጣጠንበት ቦታ ከፊትና ከኋላ እግሮች መሐል ካልወደቀ ወይ በአፍንጫው ይደፋል፣ ወይ የፊት እግሮቹ አየር ይቀዝፋሉ።

በጆሮ መመርመር

ሞተሩ ቀጭን ድምፅ እያወጣ እግሩ ከቆመ፣ ፒኞኑ ተሰንጥቆ ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። ማጣበቂያ አይጠግነውም፤ ፈሶ ወደ ሞተሩ ከገባ ሞተሩንም ይዞ ይሄዳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተሰባበሩ መጫወቻዎች የወጣ ፒኞን ወይም ሙሉ ሞተር ማግኘት ይቻላል፤ የጥርሱን ቁጥርና የዘንጉን ውፍረት ጽፋችሁ፣ የተሰነጠቀውንም ይዛችሁ ሂዱ። ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ሞተር አትግዙ። አብዛኛው ለ6 ቮልትና ከዚያ በላይ ስለተሠራ በአንድ ድንጋይ ይንፏቀቃል።

«ቲክ… ቲክ» የሚል ድምፅ ካለ ቁጠሩት። እንስሳውን ከመሬት አንሥታችሁ አንድ እግር ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ስሙ። አንዴ ከሆነ ጥፋቱ የመጨረሻው ማርሽ ላይ ነው። አራት ጊዜ ከሆነ ሁለተኛው ላይ። ለመቁጠር እስኪያስቸግር ከተደጋገመ የመጀመሪያው ላይ ወይም ፒኞኑ ላይ። ሁሉን ከመበተን ያድናችኋል። የተያዘችውን ቁራጭ በመርፌ ጫፍ አውጡ።

እንስሳው ከመሬት ሲነሣ በደንብ እየሠራ ሲቀመጥ የሚቆም ከሆነ፣ ሞተሩን ከማማረራችሁ በፊት ድንጋዩን ከላይ እንዳልነው እየሠራ ለኩት፣ ከዚያ የእግሮቹን ብሎኖች ሩብ ዙር አላሉ። ካልተነካ የማይነሣ፣ ጣት ሲመታው ብቻ የሚነሣ ሞተር ግን ውስጡ ያሉት ብሩሾች አልቀዋል ወይም ቆሽሸዋል፤ እሱን መለወጥ ነው።

እየቀዘቀዘ፣ በየቀኑ እየደከመ የሚሄድ እንስሳ ደግሞ ሌላ ነው። ዘንጎቹ ከአካሉ የሚወጡበትን ቦታ አጉልታችሁ እዩ፦ ፀጉር፣ የስጋጃ ክር፣ ከግራሶ ጋር የተለወሰ ቀይ አፈር። የበጋ አቧራ ባልተነጠፈ መንገድ ዳር ባለ ቤት ውስጥ በመስኮት ይገባል፣ ግራሶ ካገኘ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ክሩን በምላጭ ጫፍ ቆርጣችሁ በመርፌ ሳቡ፣ የቆሸሸውን ግራሶ በደረቅ ብሩሽ አውጡ፣ አዲስ የምስር ፍሬ የምታህል ጨምሩ። ከአንድ ሳምንት በላይ የማትነዱት ከሆነ ድንጋዩን አውጡና እንስሳውን ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ በሆዱ ሳይሆን በጀርባው አስቀምጡት፣ እግሮቹ ክብደት እንዳይሸከሙ።